ኩርፊያ ቤት

አሮጌ እንጨት ዝናብ ሲነካው የሚያወጣው ሽታ አለ። ቆርቆሮው ካፈሰሰ፣ ማገሩ ከረጠበ በኋላ ቀስ ብሎ የሚመጣ፣ ትንሽ ሙጫ ትንሽ ሻጋታ የሚል ሽታ ነው። ባለፈው ነሐሴ፣ ኮልፌ ከአጠና ተራ ወረድ ብሎ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ ሳለ ይኸው ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። “ትንፋሻችሁን ብቻ ተከተሉ” ተብለን ነበር። እኔም ተከተልኩ፤ ወዴት እንደሚወስደኝ ግን ማንም አልነገረኝም። ጎትቶ ወስዶ ቱታ የለበስኩ፣ ቅንድቤ ላይ ሰጋቱራ የተነሰነሰብኝ ጎረምሳ አደረገኝ። ጉልበቴ ብቻ አልመጣ አለ። እሱ እዚያው ምንጣፉ ላይ ቀርቶ ይጠዘጥዘኝ ነበር።

ግቢው ዛሬ የጥሞና ማዕከል ነው። በሩ ላይ የተጻፈው እንደዚያ ነው፤ ሰፈሩ ግን በስሙ ተስማምቶ አያውቅም። ኦርቶዶክሶቹ ጎረቤቶች “ሱባኤ ነው እንዳንል ጸሎት የለው” ይላሉ። ፕሮቴስታንቶቹ “የጽሞና ጊዜ ነው እንዳንል መጽሐፍ አይገለጥበት” ይላሉ። በሩ ፊት ለፊት ያለው ባለሱቅ ክርክሩ ሲሰለቸው “ኩርፊያ ቤት” አለው፣ ስሙም በዚያው ጸና። ምን ይፈረድበታል? በእኛ አገር ሰው አብሮ እየዋለ የማይነጋገረው ሲኳረፍ ነው። አንድ ገበታ ላይ ቀርበው “እንብላ” የማይባባሉ፣ ጠዋት ፊት ለፊት ተገጣጥመው “እንዴት አደርክ” የማይባባሉ ሰዎች ታዲያ ምን ይባሉ? ባለሱቁ ጥሞናቸውን ጨርሰው ለሚወጡት ወጣቶች ውሃ ሲሸጥ “እህሳ፣ ታረቃችሁ?” ሳይል የብራቸውን መልስ አይሰጥም።

እዚያ ያስገባችኝ ልጄ ቤዛ ናት። ባለቤቴ አልማዝ ካረፈች ወዲህ እንቅልፌም ምግቤም አልስተካከል ብሏል። ደከመኝ ስል ሰው ሁሉ ሐኪም ይጠቁመኛል። የደከመኝ ግን እግሬ አይደለም። ጠዋት ተነስቶ ጫማ ማሰር፣ ስልክ አንስቶ “ደህና ነኝ” ማለት፣ ደህና ላለመሆኔ ደግሞ ምክንያት ማስረዳት ነው የደከመኝ።

“አባዬ፣ ጥቂት ቀን ነው” አለችኝ ቤዛ። “ስልክ የለም፣ ወሬ የለም፣ ዝም ብለህ ታርፋለህ።”

“ዝም ለማለትማ ቤቴ ማን ከለከለኝ? ከግድግዳ ጋር አላወራ!”

“አታወራም? ትናንት ሳሎን ውስጥ ከማን ጋር ነበርክ ታዲያ?”

ከእናቷ ጋር ነበርኩ። ሻንጣዬን አዘጋጀሁ። አድራሻውን ስትነግረኝ ግን ሳቄ መጣ። ዝምታ ለመማር የምሄድበት ግቢ፣ ወጣትነቴን በጩኸት የጨረስኩበት እንጨት መሰንጠቂያ ነበር።

ያኔ ኮልፌ ዳር አገር ነው። ግንድ የጫኑ መኪኖች ጭቃውን እያንቦጫረቁ ይመጣሉ፤ ጥዱ፣ ዝግባው፣ ባሕር ዛፉ ግቢው ውስጥ ይቆለላል። ትልቁ ክብ መጋዝ ሲነሳ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ሰው ወሬውን ያቋርጥ ነበር። ሻይ በአስር ሳንቲም ነው። ስሙኒ የያዘ ሰው ፉርኖ ዳቦ ጨምሮበት ጠግቦ ይውላል። ዘመኑ የቤል ቦተም ሱሪ ዘመን ነበር፤ የሱሪያችን አፍ መንገድ ይጠርጋል። ካቦው “ይኼን ሱሪ መጋዙ ይጎትተውና እናታችሁ ትጠይቀኛለች” እያለ በግድ ቱታ ያለብሰናል። ቅዳሜ ከሰዓት ቱታው ይወልቃል። አፍሯችንን አበጥረን፣ ባለ ታኮ ጫማችንን ወልውለን፣ አውቶቡስ ተሳፍረን ሲኒማ እንገባለን። ሰጋቱራ ግን ከፀጉር ሙሉ በሙሉ አይወጣም። ከኋላችን የተቀመጡ ቆነጃጅት “ምንድነው እንዲህ ጥድ ጥድ የሚለው?” ሲባባሉ ሰምተን በጨለማው ውስጥ ተሸማቀን እናውቃለን። አሁን አሁን ሰው እንዲህ እንዲሸት ብሎ ሽቶ ይገዛል አሉ።

ዘፈን ግማሽ ግማሹን ነበር የምናውቀው። በራችን ላይ ሻይ ቤት ነበረች፣ ሬዲዮዋ ቀኑን ሙሉ ይዘፍናል። ዘፈኑ ገና ሞቅ ሲል መጋዙ ይነሳና መሃሉን ይበላዋል፤ መጋዙ ሲያርፍ መጨረሻው ላይ እንደርሳለን። እስከ ዛሬ ድረስ መነሻና መድረሻቸውን እንጂ መሃላቸውን የማላውቃቸው ዘፈኖች አሉ። በቅርቡ ቤዛ አንዱን ከስልኳ ላይ ፈልጋ ሙሉውን አስደመጠችኝ። መሃሉ ያን ያህልም አልነበረም። መጋዙ ደህና አድርጎ ነው የቆረጠው።

በዚያ ጩኸት ውስጥ አፍ ዋጋ የለውም፤ የምናወራው በእጅ ነበር። እጅን ከራስ በላይ ማጣመር “አቁም” ነው። መዳፍን ወደ ላይ ዘርግቶ ማራገፍ “አለቀ፣ ሄደ” ነው። ጣትን ጆሮ አጠገብ ማሽከርከር ደግሞ “መጋዙ እየጮኸ ነው፣ አልሰማህም” ማለት ነው። እንግዳ ሰው ይኼኛውን ሲያይ “አብደሃል” የምንባባል ይመስለዋል። አንድ ደንበኛ ሽብሩ ጣቱን ቢያዞርበት ተቆጥቶ ጣውላውን ሳይገዛ ወጥቷል።

ሽብሩ የሥራ ጓደኛዬ ነው። እኔ ግንዱን እገፋለሁ፣ እሱ ከመጋዙ ማዶ ቆሞ ጣውላውን ይቀበላል። ወላጆቹ ከደቡብ ምዕራብ መጥተው መርካቶ ሱቅ የከፈቱ ሰዎች ናቸው። ልጃቸው ሱቅ እንዲቆምላቸው ቢለምኑት፣ ቢቆጡት፣ “ከሰው ጋር መከራከር አልወድም” ብሎ መጋዝ ጋ መጣ። ከመጋዝ ጋር ማን ይከራከራል! ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊት ቆመን እንውላለን፣ አንድ ቀን ተጣልተን አናውቅም። መብራት ሲጠፋና መጋዙ ሲቆም ብቻ ነበር የምንጨቃጨቀው። ድምፅ ለድምፅ በተሰማማን ቁጥር፣ በሬዲዮው የተዘፈነው ዘፈን አዲስ ነው አሮጌ ነው በሚል እንኳን እንነታረክ ነበር። መብራት ሲመጣ እንታረቃለን።

አልማዝ የሻይ ቤቷ ባለቤት ልጅ ነበረች። ብርጭቆዎቹን በትሪ ደርድራ፣ በግንዶቹ መሃል እየተሹለከለከች ታመጣልናለች። አንገቷ ላይ ደስ የሚል ንቅሳት ነበራት። ስለዚህ ለእሷ የሰጠናት ምልክት ሁለት ጣትን አንገት ላይ ጣል ማድረግ ነበር። ሻይ የምታመጣው እሷ ስለሆነች ሻይም በዚያው ምልክት ተጠራ። ሽብሩ ጣቶቹን አንገቱ ላይ ሲያደርግ ሻይ አምሮት ይሁን ወይስ “መጣችልህ” እያለኝ፣ ከፊቱ ነው የምለየው። ከንፈሩ ጥግ ላይ ፈገግ ካለ ሻይ አይደለም። ኋላ ላይ አልማዝን ሳገባ ሚዜዬ እሱ ነበር። በሠርጌ ዕለት አማቾቼ ፊት ቆሞ ጣቶቹን አንገቱ ላይ ቢያደርግ አማቴ ሻይ ጠምቶት ነው ብላ አስቀዳችለት።

መሰንጠቂያው መጀመሪያ የሰው ነበር፣ ከዚያ የመንግሥት ሆነ፣ ከዚያ ደግሞ የማንም ሳይሆን ቀረ። እኔ ዘነበወርቅ አካባቢ አንድ ዕቃ ግምጃ ቤት ገባሁ። ሽብሩ መጋዝ አልለቅም ብሎ ሳንሱሲ በኩል ካለ እንጨት ቤት ተቀጠረ፣ እዚያው አረጀ። መጀመሪያ እንጠያየቅ ነበር። ከዚያ በበዓል ብቻ ሆነ። ከዚያ በዓሉም መብዛት ጀመረ መሰለኝ፣ እየዘለልነው አለፈን። ታዲያ አንድ ቀን ጦር ኃይሎች የታክሲ ሰልፍ ላይ ከፊቴ አየሁት። “ሽብሩ!” አልኩ። “ሽብሩ! አንተ ሽብሩ!” ስል ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ፣ እሱ ብቻ አልዞረም። ታክሲው ውስጥ ገብቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ስልክ ስደውል ልጁ ያነሳና “ጋሽ ታዴ፣ አባባ ስልክ አያነሳም” ይለኛል። አያነሳም! ለእኔ ነው ወይስ ለሰው ሁሉ ብዬ መጠየቅ ክብሬን የሚነካ መሰለኝ።

ይኼንንስ ችዬው ነበር። ያልቻልኩት የአልማዝን ለቅሶ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ገባ፤ ሸብቷል፣ ኮቱ ሰፍቶታል። ተነስቼ ሄድኩና “ሽብሩ፣ አልማዝ እኮ ሄደች” አልኩት። እጄን በሁለት እጁ ጨምቆ ያዘኝ። ከዚያ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ጥግ ላይ ትንሽ ተቀምጦ ወጣ። “እግዜር ያጽናህ” ጠላት እንኳን ለጠላቱ የሚለው ነገር ነው፤ ለቅሶ ቤት የገባ ሰው በሩ ላይ ይዞት የሚገባው ቃል ነው። ሚዜዬ እሱን ነፈገኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሁሉ የተናገረውን ረስቼ፣ እሱ ያልተናገረውን ይዤ ቀረሁ። ምን አድርጌው ነው? ሳልጠይቀው እንዳልሞት ወይም እንዳይሞትብኝ ብቻ እፈራ ነበር።

እንግዲህ በዚያ ነሐሴ፣ የእንጨቱ ሽታ አስቸግሮኝ ዓይኔን ስገልጥ፣ ከአንዲት ወይዘሮ ምንጣፍ ቀጥሎ ሽብሩ እግሩን አጣጥፎ ተቀምጧል። ኩርፊያ ቤት ገብቼ ካኮረፈኝ ሰው ጋር ተገናኘሁ፤ መጠየቅ ደግሞ በሕግ ተከልክያለሁ።

የምታስተምረን ሄለን የምትባል ቀጭን ወጣት ናት። እዚያ ግቢ ውስጥ መናገር የሚፈቀደው ለእሷ ብቻ ነው። መልካም ልጅ ናት፣ አንድ ቀን እንኳን “እርስዎ” ሳትለኝ አልዋለችም። ተቀማጮቹም ደጎች ናቸው። ባንክ የምትሠራ ልጅ አለች፣ ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር እንባዋ ይወርዳል፤ ማንም ለምን አይላትም፣ መሐረብ ያቀብሏታል። ከጎኔ ያለችው ወይዘሮ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ትንፋሽ ተከተሉ ስንባል ከንፈሯን እያየሁ ነው፣ አቡነ ዘበሰማያት ትደግማለች። ከኋላ አንድ ኢንጂነር ያንኮራፋል። ሁሉም የየራሱን ድካም ይዞ መጥቷል፣ ምንነቱን ሳይጠያየቅ ጎን ለጎን ያስቀምጠዋል። ከብዙ ጊዜ በኋላ ደህና ነህ ወይ የማይለኝ ሰው መሃል በመቀመጤ አረፍኩ ብል አልዋሽም።

ዓይን ለዓይን እንዳንገጣጠም ስሸሸው ሰንብቼ ሳለ፣ አንድ ጠዋት መብራት ጠፋና አዳራሹ ጀርባ ያለው ጄኔሬተር ድንገት ተንደቀደቀ። ሁላችንም ዘለልን። ኢንጂነሩ እንኳን ነቃ። ሽብሩ ቅንድቡም አልተነቃነቀ።

“ጋሽ ሽብሩን አያችኋቸው?” አለች ሄለን ድምጿን ዝቅ አድርጋ። “ሁሌም እንዲህ ናቸው። ደወል ሲደወል እንኳን ቶሎ አይነሱም። ውስጣቸው ሳይለንት ስለሆነ የውጪው ኖይዝ አይደርስባቸውም። እኛ ገና ብዙ ይቀረናል።”

ወጣቶቹ እንደ መነኩሴ አዩት። ይኼ ሰው ኩርፊያውን ወደ ቅድስና አሳደገው እኮ አልኩ በልቤ። ደወሉ ተደወለ፣ ሰው ተነሳ፣ እሱ አልተነሳም። ወይዘሮዋ ስትነሳ ምንጣፏ ጉልበቱን ነካው፤ ያኔ ዓይኑን ገለጠና እኔን አየኝ።

ቁርስ ላይ መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ረጅም ጠረጴዛ ነው፣ የሚሰማው የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነው። ትኩር ብሎ አየኝና ሁለት ጣቱን አንገቱ ላይ ጣል አደረገ። እጄ ከእኔ ቀድማ ገባት፤ የሻይ ፔርሙሱን ገፋሁለት። ራሱን ነቀነቀ። እንደገና ጣቶቹን አንገቱ ላይ አደረገ፤ ከዚያ መዳፉን ወደ ላይ ዘርግቶ ቀስ ብሎ አራገፈው። ሻይ አይደለም። አልማዝ ሄደች እያለኝ ነው።

ጥሞናውም ሕጉም ከዚያ በላይ አልያዘኝም። ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብዬ፣ “ጦር ኃይሎች ላይ ስጠራህ ለምን ዘጋኸኝ?” አልኩት። “ምን በድዬህ ነው? ለቅሶዬ ላይስ ምን አፍህን ያዘው?”

ከንፈሬን ነበር የሚያየው፣ ዓይኔን አይደለም። ስጨርስ ጣቱን አንስቶ ጆሮው አጠገብ አሽከረከራት። ወይዘሮዋ አብደሃል ያለኝ መስሏት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

መጋዙ እየጮኸ ነው፣ አልሰማህም።

ዙሪያዬን አየሁ። ጄኔሬተሩ ቆሟል፣ ውጪ ዝናቡም አባርቷል። መጋዙ የነበረበት ቦታ ላይ ዛሬ የአበባ ማሰሮ ተቀምጧል። ሽብሩ አሁንም ጣቱን እያሽከረከረ ነው። ያኔ ነው የገባኝ። በእኔ ጆሮ መጋዙ ከቆመ ስንት ዘመኑ! እሱ ግን ሳንሱሲ ድረስ ተከትሎት ሄዶ፣ አርጅቶ እስኪወጣ ድረስ ጆሮውን በልቶት ጨርሷል። ታክሲ ሰልፉ ላይ ስጠራው አልሰማም። ስልክ የማያነሳው የስልክ ነገር ስላከተመበት ነው። ውስጡ ጸጥ ያለ ቅዱስ የተባለውም ሰው ደንቆሮ ነበር፤ እዚህ የሚመላለሰው፣ ከአዲስ አበባ ግቢዎች ሁሉ ማንም ሰማህ ወይ ብሎ የማይጠይቀው እዚህ ብቻ ስለሆነ ነው።

ለቅሶው ላይ ዝም ማለቱ ግን አልገባኝም። ሰው ባይሰማ መናገር ምን ከለከለው? ሁለት ጣቴን አንገቴ ላይ አደረግኩ፣ ቀጥዬ አፌን በመዳፌ ከደንኩና ለምን እንደማለት እጄን ዘረጋሁ። ሽብሩ ወደ ጠረጴዛው አቀረቀረ። ቀና ሲል ዓይኑ እንባ ሞልቷል። ከዚያ አፉን ከፈተ።

“ድምፄን አልሰማውም፣ ታዴ!”

አዳራሹ ደነገጠ። መጋዝ ያለበት ይመስል፣ ከግቢው እስከ ፌርማታው የሚሰማ ጩኸት ነበር። ማንኪያ ወደቀ።

“ምን ያህል እንደሚወጣ አላውቀውም! ሚስቴ ሁልጊዜ ትጮሃለህ ትለኛለች! ድንኳኑ ውስጥ፣ አልማዝ ለቅሶ ላይ፣ እንዳልጮህ ፈራሁ! እሷ ላይ እንዴት ልጩህ?”

ሄለን ከወጥ ቤት እየሮጠች መጣች፣ ጣቷ ከንፈሯ ላይ ነው። “ጋሽ ሽብሩ፣ እባክዎ…” ማለት ጀመረች። እጆቼን ከራሴ በላይ አጣመርኩባት። ምልክቱን ከየት ታውቀዋለች፤ ነገር ግን ቀጥ ብላ ቆመች።

ሽብሩ ተነሳ። ለቅሶ ቤት እንደሚቆም ሰው ኮቱን ቆልፎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆመ።

“እግዜር ያጽናህ!” ብሎ ጮኸ። “አልማዝን ነፍሷን ይማራት!”

“አሜን!” አልኩ እኔም፤ እንደማይሰማኝ እያወቅኩ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮህኩ። ወይዘሮዋ ከነጠላዋ ሥር “አሜን” ስትል ሰማሁ። የባንኳ ልጅ መሐረቧን ለእኔ አቀበለችኝ። አልማዝ ካረፈች ወዲህ እንዲያ አልቅሼ አላውቅም።

ሄለን በዓይኗ ብቻ ወደ በሩ አመለከተችን፣ እኛም ሌሎቹን እንዳንረብሽ ወጣን። ሁለት ሽማግሌዎች በየኪሳችን እጃችንን ከተን፣ ጭቃውን እየመረጥን አዘገምን። ባለሱቁ ጩኸቱን ሰምቶ ኖሮ ደጁ ላይ ወጥቶ ይጠብቀናል።

“እህሳ አባቶች፣ ታረቃችሁ?”

ሽብሩ ክንዴን ያዝ አደረገኝ፤ ምን አለ ማለቱ ነው። ለዚያ የሚሆን ምልክት መሰንጠቂያው አልነበረውም። ሁለት ጣቴን አንገቴ ላይ ጣል አደረግኩለት። የሻይ ይሁን የአልማዝ ሳይጠይቀኝ፣ ከንፈሩ ጥግ ላይ ፈገግ ብሎ ከጎኔ ተራመደ።